ሙያዋን ስንቅ አድርጋ ዓለምን የዞረችው ሜሪ ሲኮል

ሴባስቶፖል የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ብለን አንገምትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ የወጣው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ይባል ነበር። ስሙ የተወሰደው በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በክሪሚያ ምድር ከምትገኝ የወደብ ከተማ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ቱርክና ሰርዲኒያ ተባብረው ከሩሲያ ጋር፣ አባቶቻችን እንደሚሉት ከመስኮብ ጋር፣ በተዋጉ ጊዜ ይህች ከተማ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከባ ከቆየች በኋላ በሴፕቴምበር 1855 ወደቀች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ በወደቀች ማግስት፣ ቃጠሎው ገና ሳይበርድ፣ ከእንግሊዝ ሰፈር ተነሥታ ከሴቶች ሁሉ ቀድማ የገባችው አንዲት ጥቁር የጃማይካ ሴት ነበረች። በበቅሎዎቿ ላይ ፋሻና መድኃኒት፣ ምግብና መጠጥ ጭናለች። ወደዚያ ጦር ሜዳ የላካት መንግሥት አልነበረም፤ ቲኬት የቆረጠላት ድርጅትም አልነበረም። ስሟ ሜሪ ሲኮል ይባላል።

የማኅበራችንን ዐሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ ብዙ ስሞች ተነሥተው ነበር፤ የነገሥታትም፣ የነጻነት ታጋዮችም። እኛ ሜሪ ሲኮልን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከአባሎቻችን መካከል ከአገር ብቻቸውን ወጥተው፣ በቤይሩት ወይም በጅዳ በሰው ቤት ሠርተው፣ በገዛ ላባቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ እዚህ ለንደን የደረሱ እኅቶች አሉ። ጥቁር ሴት ብቻዋን ዓለምን መዞር በነሱ የጀመረ እንዳይመስላቸው ብለን ነው።

ሜሪ በ1805 በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማ ተወለደች። ጃማይካ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን ቦብ ማርሌይና የሻሸመኔዎቹ ራስ ተፈሪያን ናቸው። በዚያን ዘመን ግን ደሴቲቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ በሸንኮራ አገዳ እርሻ የሚደክመው አብዛኛው ሕዝቧም ባሪያ ነበር። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1834 ሲሆን ሙሉው ነጻነት የተገኘው በ1838 ነው። የሜሪ አባት ጄምስ ግራንት የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ የጦር መኮንን ሲሆን እናቷ ነጻ የሆነች ጥቁር ሴት ነበረች። በዚህ ምክንያት ሜሪ ነጻ ሆና ተወለደች። ነጻ መሆን ማለት ግን እኩል መሆን ማለት አልነበረም፤ እንደ እሷ ከነጭና ከጥቁር የተወለዱ ሰዎች እስከ 1830 ድረስ የነጮቹ መብት አልነበራቸውም።

እናቷ ብላንዴል ሆል የተባለ አልቤርጎ ነበራት። በአልቤርጎው የሚያርፉት አብዛኞቹ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖችና ቤተሰቦቻቸው ሲሆኑ፣ ሲታመሙም ሥሩንና ቅጠሉን ቀምማ የምታክማቸው ባለቤቲቱ ራሷ ነበረች። በኛ አገር መድኃኒት አዋቂ የሚባሉት ዐይነት ሴት ነበረች ማለት ነው። ልጅቱ ከእናቷ ሥር እየዋለች መጀመሪያ አሻንጉሊቷን፣ ቀጥሎ ውሻውንና ድመቱን፣ በመጨረሻም ራሷን እያከመች ሙያውን ተማረች። ወጥ ቤቱንም፣ እንግዳ መቀበሉንም እንዲሁ። እኛ ባለሙያ ሴት ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ለምንተርከው ጉዞ ሁሉ የተከፈለው ከዚሁ ሙያ በተገኘ ገንዘብ ነው።

ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ከዘመዶቿ ጋር ወደ ለንደን መጥታ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠች። ከጉዞዋ ያልረሳችው ነገር ቢኖር የለንደን የጎዳና ልጆች በእሷና ከእሷ ይልቅ ጠቆር ባለችው ጓደኛዋ መልክ እየሣቁ መከተላቸው ነው። ይህን አይታ ሁለተኛ አልመለስም አላለችም። ወደ አገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ እንደገና መጣች፤ አሁን ግን ባዶ እጇን አልነበረም። በስኳር የተቀቀለ የአገሯን ፍራፍሬና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት በብዛት ለሽያጭ ይዛ መጣች፤ ሁለት ዓመት ያህልም ቆየች። ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ሞልተው የሚመጡት እናቶቻችን ይህን ዘዴ በደንብ ያውቁታል። ልዩነቱ የእሷ ጉዞ በሸራ መርከብ፣ ሳምንታት የሚፈጅ መሆኑ ነው። ወደ ጃማይካ ስትመለስ የተሳፈረችበት መርከብ በገና ዕለት መሐል ባሕር ላይ እሳት ተነሣበት። ሜሪም ከመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ ጋር ተዋዋለች፤ መርከቡ የሚሰጥም ከሆነ እሷን ከትልቁ የዶሮ ቆጥ ጋር በገመድ አስሮ ወደ ባሕር ሊጥላት፣ እሷም ለዚህ ሁለት ፓውንድ ልትከፍለው። ገንዘቡ የሚከፈለው ግን አደጋው በእርግጥ ሲደርስ ብቻ ነው። እሳቱ ጠፋ፤ ሁለቱም ፓውንድ ከኪሷ ሳይወጣ ቀረ። እኛ ይህን ስናነብ ሴትዮዋ ገና በልጅነቷ ነጋዴ እንደ ነበረች ገባን።

ከዚያ በኋላ ወደ ባሃማስ፣ ወደ ሄይቲና ወደ ኩባ ተጓዘች። ከባሃማስ የባሕር ዛጎልና ከዛጎል የተሠራ ጌጥ እያመጣች በኪንግስተን ትሸጥ ነበር። በ1836 ኤድዊን ሲኮል የተባለ እንግሊዛዊ አገባች፤ ብላክ ሪቨር በምትባል ከተማም ሱቅ ከፈቱ። ሰውየው ጤና አልነበረውም፤ ሱቁም አልሆነላቸውም። በ1843 ኪንግስተንን ያነደደው ታላቅ ቃጠሎ አልቤርጎውን አመድ አደረገው፤ በ1844 ባሏ ሞተ፤ ወዲያውም እናቷ ተከተለች። አልቤርጎውን ራሷ መልሳ ሠራችው። ሌላ ባል እንድታገባ የጠየቋት ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ሁሉንም እንደ መለሰቻቸው ጽፋለች፤ ብቻዋን ኖረች።

በ1851 ወንድሟ ኤድዋርድ ወደሚገኝበት ወደ ፓናማ ሄደች። በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኝቷል ተብሎ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ የሚያሻግረው ቦይ ስላልተቆፈረ፣ ባቡሩም ገና እየተሠራ ስለ ነበር፣ ወርቅ ፈላጊው የፓናማን ጫካ የሚሻገረው በጀልባና በበቅሎ ነው። ወንድሟ በመንገዱ ላይ ባለች ክሩሴስ በምትባል መንደር አልቤርጎ ነበረው። ሜሪ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ባርኔጣዋን ደፍታ ከመርከብ እንደ ወረደች ጭቃ ዋጣት። ክሩሴስ ስትደርስም የወንድሟ ቤት በመንገደኛ ጢም ብሎ ሞልቶ አልጋ ስለ ጠፋ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ያደረችው በምግብ ጠረጴዛው ሥር ነበር። ለአንድ እንግዳ ማረፊያ ፍለጋ በሌሊት ለንደንን መዞር ልማዳችን ስለ ሆነ፣ ይህ ታሪክ እኛን አላስገረመንም።

ብዙም ሳትቆይ ኮሌራ ገባ። የመጀመሪያው ሟች የወንድሟ ወዳጅ ነበርና ሰው ሁሉ መርዝ ነው ብሎ ወንድሟን ጠረጠረ። ሜሪ አስከሬኑን አይታ ኮሌራ መሆኑን ለየች፤ ከአንድ ዓመት በፊት ጃማይካን ሲፈጅ አይታው ነበርና። በመንደሩ ይህ ነው የሚባል ሐኪም ስላልነበረ በሽተኛው ሁሉ ወደ እሷ መጣ። ካለው ታስከፍላለች፣ የሌለውን በነጻ ታክማለች። ሰናፍጭ ትለጥፍላቸዋለች፣ ቀረፋ የተፈላበት ውሃ ታጠጣቸዋለች። አንድ የሙት ልጅ በሞተባት ጊዜም በሽታው ውስጡን ምን እንዳደረገው ለማወቅ ሌሊት በድብቅ አስከሬኑን ከፍታ መረመረች። ይህን ማንበብ ያስጨንቃል፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን የታወቁት ሐኪሞችም ቢሆኑ የኮሌራን መነሻ አያውቁም ነበር። እሷም እንደ ሌሎቹ ሜርኩሪና እርሳስ ያለባቸውን መድኃኒቶች ሰጥታለች፤ ዛሬ ጎጂ መሆናቸው ይታወቃል። በመጨረሻ በሽታው እሷንም ያዛት፤ ዳነች።

በክሩሴስ ሜሪን ያስደሰታት አንድ ነገር ነበር። ከአሜሪካ ባርነት አምልጠው የመጡ ጥቁሮች በዚያች መንደር ነጻ ሰዎች ነበሩ፤ ዳኛ የሆኑም፣ ሹም የሆኑም ነበሩ፤ የሚያልፉት አሜሪካኖች በጥቁር ዳኛ ፊት መቆም ሲመራቸው ታይ ነበር። የጁላይ 4 በዓላቸው ዕለት አንድ አሜሪካዊ ስለ ሕክምናዋ ሊያመሰግናት ተነሥቶ፣ ቆዳዋ ታጥቦ ነጭ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተደሰትን ሲል ጽዋውን አነሣላት። እሷም በዚያው ግብዣ ላይ ተነሥታ፣ ፊቷ ከማንም ባሪያ የጠቆረ ቢሆን እንኳ እንደማታፍርበት፣ ነጭ ለመሆንም እንደማትመኝ ነገረቻቸው። ወደ አገሯ ልትመለስ በአሜሪካ መርከብ በተሳፈረች ጊዜ ደግሞ የገዛችው ቲኬት በእጇ እያለ ነጮቹ ሴቶች ከእኛ ጋር አትቀመጥም ብለው ተነሡባት። መኝታ ነፈጓት። ገንዘቧን አስመልሳ ወረደች፤ ቀጥሎ በመጣ የእንግሊዝ መርከብም ሄደች።

አሁን ወደ ክሪሚያ እንምጣ። በ1854 መጨረሻ ለንደን ስትደርስ በጦርነቱ ከጥይት ይልቅ ኮሌራና ተቅማጥ ወታደሩን እየጨረሰው መሆኑ በጋዜጣ ይወጣ ነበር። እነዚህ በሽታዎች እሷ የምታውቃቸው ናቸው፤ ከሚሞቱት መካከልም በኪንግስተን አልቤርጎዋ ያረፉ፣ በስማቸው የምትጠራቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ነርስ ሆኜ ልሂድ ብላ ጠየቀች። ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 ነርሶቿን ይዛ ቀድማ ሄዳለች፤ ቢሆንም ተጨማሪ ነርሶች ይፈለጉ ነበር። ሜሪ የምስክር ደብዳቤዎቿን ይዛ ወደ ጦር ሚኒስቴር ሄደች፤ ወደ ሕክምና ክፍሉ መሯት። ከዚያም ወደ ሚኒስትሩ ባለቤት ሄደች፤ ብዙ ካስጠበቋት በኋላ ቦታው ሞልቷል አሏት። ከናይቲንጌል ጓደኞች አንዷ ዘንድ ቀረበች፤ ቦታ ቢኖርም እንኳ እንደማይሰጣት ከሴትዮዋ ፊት አነበበች። ለወታደሩ ገንዘብ የሚያዋጣውን ድርጅት ቢያንስ መሳፈሪያዬን ቻሉኝ አለችው፤ እሱም እንቢ አለ። በዚያን ዕለት ምሽት በለንደን ጎዳና ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ለካ እንግሊዞችም እንደ አሜሪካኖቹ በቆዳዬ ምክንያት ነው ወይ የማይቀበሉኝ ብላ ራሷን እየጠየቀች።

ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ ታቅፎ ከመስኮት መስኮት መመላለስ ምን እንደ ሆነ እኛ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቋርጠን ወጥተን መሪ የጨበጥን ሰዎች፣ አናጣውም። ስለዚህ የሚያስደንቀን ልቅሶዋ ሳይሆን በማግስቱ ያደረገችው ነው። ሙያዋን እንደገና አየችው። ነርስ ሆነሽ አትሄጂም ካሉኝ ባለ አልቤርጎ ሆኜ እሄዳለሁ አለች፤ ማንም ነጋዴ እቃውን ይዞ የጦር ሰፈር እንዳይከተል የሚከለክል የለምና። ካርድ አሳትማ ለምታውቃቸው መኮንኖች ላከች፤ በባላክላቫ የእንግሊዝ ሆቴል የተባለ ለታመሙና ለሚያገግሙ መኮንኖች ማረፊያ እከፍታለሁ የሚል። ቶማስ ዴይ ከተባለ የባሏ ዘመድ ጋር ሽርክና ገባች። መድኃኒትና ሸቀጥ ገዝታ በጃንዋሪ 27 ቀን 1855 ከለንደን ተነሣች። እሷ በመንገድ ላይ ሳለች ነው እንግዲህ በኛ አገር ካሣ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት።

በቁስጥንጥንያ አጠገብ ባለው የስኩታሪ ሆስፒታል ናይቲንጌልን አገኘቻት፤ የጠየቀቻትም ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ብቻ ነበር። ከልብስ አጣቢዎቹ ዘንድ አልጋ ተሰጣት፤ አድራ በማግስቱ ጉዞዋን ቀጠለች። ሁለቱ ሴቶች ከዚህ የበለጠ ግንኙነት አልነበራቸውም ለማለት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጣላል።

ከባላክላቫ ወደብ ወደ ጦር ሰፈሩ በሚወስደው መንገድ ላይ የእንግሊዝ ሆቴልን ሠራች። ግንቡ የተሠራው ከባሕር ከተለቀመ እንጨት፣ ከእቃ ማሸጊያ ሣጥንና ከቆርቆሮ ሲሆን 800 ፓውንድ ያህል ፈጀ። ሆቴል ይባል እንጂ ሱቅም፣ ምግብ ቤትም፣ መድኃኒት ቤትም ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ዶሮ ትገነጥላለች፣ ቡና ታፈላለች፣ የሩዝ ፑዲንግ ትሠራለች፤ ከዚያም በሽተኛው በበሩ ይሰለፋል። ከወደቡ ዳር ደግሞ መርከብ የሚጠብቁ ቁስለኞች ብርድ ላይ ሲጣሉ ሻይ ይዛ ትሄድላቸው ነበር። ውጊያ የሆነ ቀን ቦርሳዋን በበቅሎ ጭና ተኩሱ ወዳለበት ትወርዳለች። በኦገስት 1855 በቼርናያ ወንዝ በተደረገው ውጊያ ፈረንሳይ ሰርዲኒያ ሳትል፣ የጠላት ወገን የሆነውን መስኮቡንም አንሥታ አስራለች። አንድ መንጋጋው በጥይት የተመታ መስኮብ ጥይቱ የት እንዳለ ለማወቅ ጣቷን አፉ ውስጥ ብትከት በሞት ጣር ነክሶ ያዛት፤ ጠባሳው እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ቀረ። ወታደሮቹ እናታችን ይሏት ነበር።

በመግቢያችን ያነሣነው የሴባስቶፖል ቀን ከዚህ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ቀድሜ እገባለሁ ብላ ውርርድ ገብታ ነበር፤ አሸነፈች። ከተማው ውስጥ ግን ፈረንሳዮች የመስኮብ ሰላይ መስላቸው ይዘዋት፣ የሚያውቃት መኮንን ደርሶ አስለቀቃት።

የንግድ ሰው እንደ መሆናችን የሚያሳዝነን ቀጥሎ ያለው ነው። በማርች 1856 ሰላም ሲፈረም ሠራዊቱ በጥድፊያ ወደ አገሩ ገባ፤ እሷ ደግሞ ገና ያስመጣችው ሸቀጥ በመጋዘኗ ተከምሮ ነበር። ገዢ ጠፋ። ጥሩ ጥሩው ቀይ ወይን ለመስኮብ እንዳይቀር በማለት ሣጥን በሣጥን በመዶሻ ሰበረችው። ከክሪሚያ ከወጡት የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዷ ሆና ለንደን ገባች፤ በኖቬምበር 1856ም በኪሣራ ፍርድ ቤት ቀረበች። ወታደሮቹ አልረሷትም። በጁላይ 1857 በሱሬይ መናፈሻ ለአራት ቀን የቆየ የሙዚቃ ትርኢት ተደረገላት፤ ወደ 40,000 ሰው ገባ፤ አዘጋጁ ድርጅት ግን ራሱ ከስሮ ኖሮ በእጇ የደረሰው 57 ፓውንድ ነው። በዚያው ዓመት የጉዞዋን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች፤ በብሪታንያ በጥቁር ሴት ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ የሕይወት ታሪኮች አንዱ ሲሆን እኛም እዚህ የተረክነውን አብዛኛውን ያገኘነው ከእሷው አፍ ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ትኖርበት በነበረው በሶሆ አደባባይ 14 ቁጥር ላይ ዛሬ ክብ ሰማያዊ ምልክት ተለጥፏል።

ነጋዴ ነበረች፣ ለመኮንኖች መጠጥ ትሸጥ ነበር፣ ነርስ ልትባል አይገባትም የሚሉ ሰዎች አሉ። ናይቲንጌል ራሷ በ1870 በጻፈችው የግል ደብዳቤ ለወታደሩ ደግ መሆኗን ሳትክድ ብዙዎችን ታሰክር እንደ ነበረ አምታለች። መጠጥ መሸጧ እውነት ነው። እኛ ግን ነጋዴ መሆኗን እንደ ነውር ሲያነሡት አይገባንም። በነርስነት ሲከለክሏት የትኛው ገንዘብ እዚያ ያድርሳት? ሻምፓኙን የገዛው መኮንን ነው ለምስኪኑ ወታደር መድኃኒት የከፈለው።

ሜሪ ሲኮል በሜይ 14 ቀን 1881 በለንደን በፓዲንግተን ሰፈር ዐረፈች። በኋለኛው ዘመኗ ኑሮዋ ተስተካክሎ ነበር፤ ከ2,500 ፓውንድ በላይ ንብረት ትታ ነው የሞተችው። ከዚያ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስሟን ያነሣ ሰው እምብዛም አልነበረም። በ1973 የካሪቢያን ነርሶች ያሉበት ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ መቃብሯን አሳደሰ፤ በኬንሰል ግሪን በቅድስት ማርያም የካቶሊክ መካነ መቃብር ይገኛል። በ2004 በተደረገ የሕዝብ ድምፅ ከጥቁር ብሪታንያውያን ሁሉ ታላቋ ተብላ ተመረጠች። በጁን 2016 ደግሞ ከፓርላማው ትይዩ፣ ቴምዝን ተሻግሮ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ግቢ ሐውልቷ ቆመ፤ በዚህ አገር በስም ለምትታወቅ ጥቁር ሴት የቆመ የመጀመሪያው ነው ተብሎለታል። ሆስፒታሉ ናይቲንጌል የነርሶች ትምህርት ቤቷን የከፈተችበት ነውና እዚያ መቆሙን የተቃወሙ ነበሩ። ሐውልቱ የቆመው እየተራመደች፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ነው። ከጀርባዋ ያለው ትልቅ ክብ ነሐስ ቅርጹ የተወሰደው ከክሪሚያ መሬት ላይ ነው። ከዌስትሚንስተር ድልድይ በእግር ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለማየት አይከፈልም።